የቀኙ በር

ስድስት ወር አብሮኝ ነዳ፤
ከአራዳ ቸርችልን ቁልቁል፣ ከለገሃር ሽቅብ አራዳ።
ቀጭ... ቀጭቀጭ... ቀጭ።
ሳዘግም ያንሾካሹካል፣ ስፈጥን ይንጫጫል፣ ስቆም ዝም፤
"ኧረ ማነው?" ብዬ ስዞር፣ ማንም የለም።

እኔ የምጭነው መስታወት ነው፤
ኮሽ ባለ ቁጥር የምሞተው፣
ወርጄ፣ ሸራ ገልጬ፣ አንድ ሁለት ብዬ ቆጥሬ
ደህና ነው ስል የምነሳው፣ እንደገና ተፈጥሬ።

ፒካፗ አርጅታለች፣ እሺ። ግን የሚያሾፍብኝ በሩ ነው፤
የቀኙ፤ አመለወርቅ የምትቀመጥበት በኩል ያለው።
እሷ ክርኗን ስታስደግፍ ጭጭ ይላል፤ ስትወርድ ይለፈልፋል።
"ነገሩ ካንተ ጋር ነው" ትላለች፤ "እኔንማ ያፍራል።"

ክረምት ሲገባ ላስቲኩ ውሃ ይጠጣና ያብጣል፤
ሐምሌን ዝም፣ ነሐሴን ዝም። ተገላገልኩ ስል
መስከረም ይጠባል፣ ፀሐይ ይወጣል፣
እሱም እንደ አበዳሪ በጠዋት ይመጣል።

ምን ያላደረግኩት አለ?
ካርቶን አጥፌ ወተፍኩ፤ ካላማዳሪ ቆርጬ ለጠፍኩ፤
ማጠፊያውን በሻማ አሸሁ፤ ግራሶ ቀባሁ፤
አዲስ ሱሪ አበላሸሁ።
ሲጥሲጥታው ሄደ፤ ቀጭቀጭታው ቀረ።
ሬዲዮ ከፈትኩበት፤
ከዜና አንባቢዋ እኩል ተናገረ።

ሙዘይን ጋ ሄድኩ፣ ሶማሌ ተራ፤
ከአሮጌ ፓራውልት ክምር ጀርባ ነው የሚሠራ።
"ንዳ" አለኝ። ጆሮውን በሩ ላይ ጣለ፣
ደረት እንደሚያዳምጥ ሐኪም ትንፋሹን ዋጥ አለ።
"ኮብልስቶኑን ያዝ። ቀስ። ያቺን ጉድጓድ እንዳትስታት።"
አገር የሚሸሻትን ጉድጓድ፣ እኔ ፈልጌ ገባሁባት።
"ማጠፊያው አይደለም" አለ። "መዝጊያውም አይደለም።
ይሄ በር የዋጠው ነገር አለ፤ ሆዱ ሰላም የለም።"

ልባሱን በካቻቢቴ ፈታ፤ ስድስት ብሎን፣ አንዱ የዛገ፤
እጁን እስከ ክርኑ ሰዶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፈለገ።
አንድ ሮንዴላ። የማበጠሪያ ጥርስ። አምስት ሳንቲም።
ከዚያ ከሥር፣ አቧራ የለበሰ፣
ቢጫ ቁልፍ።
"የመኪና አይደለም፤ የቤት ነው" አለኝ፣ በቱታው እያበሰ።

አወቅኩት።
የሠራተኛ ሰፈሩ የቆርቆሮ በራችን ቁልፍ።
ከሱቅ ደጅ ቆሜ "ያዢ!" ብዬ፣ በመስኮት የወረወርኩላት፤
"አልደረሰኝም" ያለችኝ፣
"ጥለሽው ነው" ያልኳት፤
ጓጉንቸሩን በመዶሻ ሰብረን፣ ሦስት ቀን የተኳረፍንበት።
ለካስ እውነቷን ነበር። አልደረሳትም።
መስታወቱና ላስቲኩ መሃል ሾልኮ፣
እንደ ደብዳቤ ገብቶ፣ ማንም ሳያነበው ቀረ።

አሁን ያ በር የለም። ቤቱም የለም።
አስፋልት ነው፤ ዳሩ ላይ ገና ጥላ ያልጣሉ ችግኞች፣
መሃሉ ላይ እኔ፣ በግምት፣
በሦስተኛ ማርሽ፣ በጓዳችን በኩል።
መንገዱ አዲስ ስለሆነ፣ እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤
ከከተማው ሁሉ በሩ ጭጭ የሚለው
እዚያ ጋ ብቻ ነበር።

"ለፈታሁበት አራት መቶ" አለ ሙዘይን፤ "ቁልፉን መርቄሃለሁ።"

ማታ ከተክለሃይማኖት አመለወርቅን ጫንኳት።
ዘጋችው፤ ድፍ አለ፣ እንደ ሀብታም መኪና።
ገረማት፤ ደግማ ከፈተች፣ ደግማ ዘጋች።
ጎማ ቁጠባን አለፍን፤ ምንም የለም። ዝም። ዝም።
ይቅርታ የሚባለው ነገር ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ፣
መብራቱ ቀይ ሆነ፣ አረንጓዴ ሆነ፣
ከኋላ ጡሩምባ ተነፋብኝ።
ነዳሁ፤ ያኔ ከመሪው ሥር፣
ከመኪናው ቁልፍ ጎን ያንጠለጠልኩት፦
ቀጭ... ቀጭ።

"ይሄ ደግሞ ምንድነው?" አለች።

"እሱ ነው" አልኳት። "ቤት ቀይሮ ነው።"